የአስታማሚ ፊርማ፦ የሐዋሳ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት በሕግ ሲመዘን

የኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ስለኖረ፣ ሐዋሳ ላይ ተመላላሽም አስተኝቶም የሚያክም የሳይካትሪ ክፍል መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የከተማው ሰው «ሪፈራል» በሚለው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አገልግሎቱ አለ። ከሲዳማ ወረዳዎችም ሆነ ከአጎራባች አካባቢዎች ታማሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አይጠበቅበትም። የግል ክሊኒኮችም አሉ። የሠለጠነ ባለሙያ ባለባቸው ጤና ጣቢያዎችም ክትትል ይሰጣል።

ይህ ግምገማ አንድን ተቋም ለይቶ የሚያወድስ ወይም የሚወቅስ አይደለም። የሚመዝነው በከተማው አንድ ቤተሰብ ከካርድ ክፍል እስከ መውጫ ወረቀት ድረስ የሚያልፍበትን አገልግሎት ነው፤ ሚዛኑም የአገሪቱ ሕግ ለታማሚው የሰጠው መብት ነው። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ የሕክምናው እውቀት ደህና ነው፣ የመድኃኒት አቅርቦቱ ይዋዥቃል፣ የታማሚው ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ ግን ደካማ ነው። ለመጨረሻው ከአምስት ሁለት ብቻ እንሰጣለን፤ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍልም ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ መግቢያው። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ወይም ከአጠቃላይ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ሪፈራል ከሄደ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ወጪው ከኪሱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሪፈር ወረቀት፣ የታደሰ የመድን ደብተርና መታወቂያ ይያዝ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ታማሚው ከዚህ በፊት የወሰዳቸው መድኃኒቶች ባዶ ማሸጊያ ነው። «ነጭ ክኒን ነበር» የሚል መልስ ሐኪሙን ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ ማሸጊያው ግን ስሙንም ሚሊግራሙንም ይናገራል።

አንድ ማሳሰቢያ። ከዚህ በፊት ምንም ሳይኖርበት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ መለፍለፍ፣ ሰው መሳትና መቃዠት የጀመረ ሰው፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት በድንገተኛ ክፍል ነው። ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ ታይፈስ፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመጠጥ ድንገተኛ መቋረጥ፣ ሁሉም እብደት መስለው ይመጣሉ። ሐዋሳ ወባ ያለበት አገር ነው። የሙቀት መለኪያ ሳይገባ፣ የደም ፊልምና የስኳር ምርመራ ሳይሠራ «ወደ ሳይካትሪ ውሰዱት» የሚል ትሪያጅ (ታማሚን መጀመሪያ ተቀብሎ የሚለይ ክፍል) ካጋጠመ ምርመራዎቹ ይሠሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰው የሚሞትበት ስህተት ይኸ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ታማሚው እንዲተኛ ሲወሰን አንድ ቅጽ ይቀርባል፤ የሚፈርመውም ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው። ወንድም፣ ሚስት፣ አባት፣ አንዳንዴም ታማሚውን በባጃጅ ያመጣ ጎረቤት። ታማሚው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ ማንም ወደ እሱ ዞር ብሎ «እዚህ ልናስተኛህ አስበናል፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ምን ትላለህ?» ሳይለው ጉዳዩ ያልቃል። ባለሙያዎቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ልማዱም ከቆየ ቆይቷል። ሕጉ ግን ሌላ ይላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 20 ላይ ማንም ሰው የሕክምና ምርመራ ወይም ሕክምና አልፈልግም ብሎ በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል። በግድ ስለሚደረግ የአካል ምርመራና ስለ ክትባት የወጡ ሕጎችን ሳይነካ፣ ሌላ አንድ ልዩነት ብቻ አስቀምጧል፦ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለ (ፍርድ ቤት የራሱን ጉዳይ እንዳይፈጽም የወሰነበት) ሰው አሳዳሪ፣ ለዚያ ሰው ጤና የሚበጅ ሕክምና እንዲደረግለት ማድረግ ይችላል። እዚህ ውስጥ «ወንድም» ወይም «ሚስት» የሚል ቃል የለም። ፍርድ ቤት ያልሾመው ዘመድ ለሆስፒታሉ ክፍያና ንብረት ኃላፊ ሆኖ መፈረም ይችላል፤ በዚህ ድንጋጌ መሠረት ግን ፊርማው የታማሚውን ፈቃድ አይተካም። በዚህ ላይ ቁጥር 192 ሕግ ችሎታ የለህም ካላለው በቀር ሰው ሁሉ የራሱን ጉዳይ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። ቁጥር 196 ደግሞ ችሎታ የለውም የሚል ወገን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ላይ በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ማንም ነፃነቱን እንደማያጣ ይናገራል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ይሸፍናል፤ ሕክምናው በነፃና በግልጽ መረጃ ላይ በቆመ ፈቃድ እንዲሆን ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ይህ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ታዲያ ለአምስት ቀን ያልተኛ፣ ምግብ ተመርዟል ብሎ የማይበላ፣ በእናቱ ላይ ቢላ ያነሳ ሰው «አልታከምም» ቢል ተዉት ይባል? የለም፣ ማንም ይህን አይልም። ችግሩ እንዲህ ያለ ሰው ከፈቃዱ ውጭ የሚተኛበትን ሥርዓት አንድ ራሱን የቻለ ሕግ በዝርዝር አለማስቀመጡ ነው። ማን ይወስናል? ስንት ባለሙያ ይስማማ? ለስንት ቀን? ቀኑ ሲያልቅ ማን ያየዋል? ታማሚው ለማን አቤት ይላል? ደቡብ አፍሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 72 ሰዓት የግምገማ ጊዜ ወስናለች፤ ከሆስፒታሉ ውጭ የሆነ ገምጋሚ ቦርድም አቁማለች። ጋና በ2012 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ጤና ሕግ አውጥታለች፤ ኬንያም የቀድሞ ሕጓን በ2022 እ.ኤ.አ. አሻሽላለች። እኛ ጋ ይህ ሁሉ ሸክም በተረኛው ሐኪምና በአንድ አስታማሚ ትከሻ ላይ ወድቋል። ሐኪሙንም አይጠብቀውም፣ ታማሚውንም።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ጥሩ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የሚያደርጉትን ማወቅ ለቤተሰብ መለኪያ ይሆናል። ለታማሚው ራሱ ይነግሩታል፣ ባይሰማም ይነግሩታል። በሚናገረው ቋንቋ ይነግሩታል፤ ሐዋሳ ላይ ይህ ማለት ብዙ ጊዜ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ነው፣ አስታማሚን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ የሚያዋጣ አይደለም፤ ታማሚው የሚያማርረው ከዚያው አስታማሚ ሊሆን ይችላልና። እምቢ ካለ ምክንያቱን በካርዱ ላይ ይጽፋሉ፤ ያለ ፈቃዱ የተኛበትን አደጋም በግልጽ ያሰፍራሉ። ሁለተኛ ባለሙያ እንዲያየው ያደርጋሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መልሰው መጠየቃቸው ነው። መድኃኒቱ ሠርቶ፣ እንቅልፍ አግኝቶ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሲረጋጋ ያው ጥያቄ ይቀርብለታል፤ አብዛኛውም ይስማማል፣ ይፈርማልም። አስታማሚ በመጀመሪያው ቀን ፈረመ ተብሎ ጉዳዩ የሚዘጋበት ቦታ ጥሩ አገልግሎት አይደለም። ሐኪሞች ታማሚዎችን ዞረው በሚያዩበት ሰዓት ቤተሰብ «ሲረጋጋ እሱ ራሱ ይፈርም» ብሎ ቢጠይቅ ማንም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ጥያቄው ትክክል ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 341 መሠረት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል የተኛ ሰው፣ ተኝቶ በቆየበት ጊዜ እብደቱ ግልጽ እንደሆነ ሰው ይቆጠራል፤ በዚያ ጊዜ የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል። አልጋው ላይ እያለ የቤት ሽያጭ፣ የውክልና ወይም የብድር ወረቀት የሚያስፈርም ዘመድ ገንዘቡንም ድካሙንም ያባክናል፤ ለወራሾችም ክርክር ያወርሳል። የክፍሉ ነርሶች እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣን ሰው ማስቆም አለባቸው። በተቃራኒው ደግሞ ተመላላሽ ታካሚ የሆነ፣ የቀጠሮ ካርድ ያለው፣ የወር መርፌ የሚወስድ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ችሎታውን አያጣም። ይሸጣል፣ ይገዛል፣ የባንክ ሒሳቡን ያንቀሳቅሳል፣ ይመርጣል። «ካርድ አለው» ተብሎ የሚመለስበት መስኮት ሕግ እየጣሰ ነው።

ስለ ክልከላ ፍርድም ጥቂት። ቤተሰብ ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ወይም ጡረታ ለመቀበል ሲቸገር ወዲያው የሚመከረው «ፍርድ ቤት ሂዱና ሞግዚት ሁኑ» የሚል ነው። በቁጥር 351 እና በተከታዮቹ መሠረት አቤቱታውን ታማሚው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም የሚወስነው የታማሚው ጤናና ጥቅም የሚጠይቅ ሲሆን ነው። ክልከላው ግን ከባድ ነው። የተከለከለ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባት እንኳ አይችልም፤ ሲድንም ክልከላው በራሱ አይነሳም፣ እንደገና አቤት ማለት ያስፈልጋል። በዓመት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ታሞ ቀሪውን በደህና ለሚኖር ሰው ይህ ከመጠን ያለፈ እርምጃ ነው። ለእሱ የሚሻለው ደህና በሆነበት ወቅት ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ለሚያምነው ሰው ለተወሰነ ጉዳይ ብቻ፣ ለምሳሌ ደመወዝ ለመቀበልና የቤት ኪራይ ለመክፈል፣ ውክልና መስጠት ነው። ሐኪምና ማኅበራዊ ሠራተኛ ይህን አማራጭ አስቀድመው ቢናገሩ ብዙ ቤተሰብ ከማያስፈልግ ሙግት ይድናል።

ማሰር። ገመድና ሰንሰለት በጤና ተቋም ቦታ የላቸውም፤ ቤትም ጸበል ቦታም እንዲሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 585 ላይ ከሕግ ውጭ ሰውን አግዶ መያዝን ይቀጣል። ለሰውየውና በዙሪያው ላሉት አደጋ ሆኖ ለአጭር ጊዜ መያዝ የግድ ሲሆን የአሠራሩ ልክ የታወቀ ነው። ትእዛዙ የሐኪም ነው፣ የጥበቃ ሠራተኛ አይደለም። ሰዓቱ ይጻፋል። ለስላሳ ሰፊ ጨርቅ እንጂ ሲባጎ አይሆንም። ሰውየው በሆዱ አይደፋም፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ የሚሞተውም በዚህ ነው። በየ15 ደቂቃው አተነፋፈሱና የእጁ ጣቶች ቀለም ይታያል፣ ውሃና ሽንት ቤት ይጠየቃል፣ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይፈታል። ብዙ ጊዜ ግን እስከዚህ አይደረስም፦ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ረጋ ብሎ የሚያናግር ሰው፣ የሚቀበለው ከሆነ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ካልሆነም የሃሎፔሪዶልና የፕሮሜታዚን መርፌ በአንድነት ይበቃል። ለቅጣት ማሰር፣ ሌሊት ነርስ ስላነሰ ማሰር፣ «እንዳይጠፋ» ማሰር፣ ሦስቱም አቤቱታ የሚቀርብባቸው ናቸው።

ጸበልና መድኃኒት አብረው መሄድ ይችላሉ። ችግር የሚመጣው ክኒኑ ሲቋረጥና ሰው ሲታሰር ነው። የጾም ወቅት ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ማታ አንድ ጊዜ ሊወሰዱ ይችላሉ።

መድኃኒቱን በተመለከተ የመረጃ አሰጣጡ ከአቅርቦቱ ይልቅ ያሳስባል። ሃሎፔሪዶል የጀመረ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊወጣ ይችላል። የሚያስደነግጥ ቢሆንም በፕሮሜታዚን ወይም በአርቴን ቶሎ ይፈታል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ቤተሰብ «መንፈሱ ተነሳ» ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል፤ እውነት ለመናገር የሕክምና መቋረጥ ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለናል። የወር መርፌ የሚባለው ፍሉፌናዚን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ልዩነት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቅቶት ወዲያ ወዲህ የሚል ታማሚ ሕመሙ ተነሳበት ተብሎ መጠኑ ይጨመርለታል፣ እረፍት ማጣቱም ይብሳል። መጠየቅ ያለበት «ውስጥህ ነው የሚያቅበጠብጥህ ወይስ እግርህ?» ተብሎ ነው። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው በሐዋሳ ፀሐይ ቆዳው ቶሎ ይቃጠላል፣ ከአልጋ ሲነሳም ያዞረዋል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ለልጃገረድና በመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ሲታዘዝ ጽንስ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ በግልጽ መነገር አለበት። ይህን ሳይነግሩ ማዘዝ ከሕክምና ጉድለትም በላይ የፈቃድ ጥሰት ነው፤ የማያውቁትን ነገር መፍቀድ አይቻልምና። የድብርት መድኃኒት ለውጥ የሚያሳየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል አለበት።

አቅርቦቱ ሲቋረጥ «ውጭ ግዙ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በማዘዣው ላይ የመድኃኒቱን ጄኔሪክ (የንጥረ ነገሩን) ስም እንጂ የፋብሪካ ስም ብቻ እንዳይጽፍ መጠየቅ ይጠቅማል፤ የዋጋው ልዩነት ብዙ ነው። ያም ካልተገኘ በዘፈቀደ ከማቆም ይልቅ ተመልሶ ተተኪ ማስጻፍ ያስፈልጋል። ከከተማው ውጭ የሚኖር ታካሚ ክትትሉን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ እንዲያደርግ መልሶ ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል። ይህ አሠራር ጥሩ ነው፤ የሚወድቀው የሠለጠነችው ሲስተር ስትዛወርና የሚተካት ሳይኖር ሲቀር ነው። ስለዚህ ከመመለስ በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል።

ምስጢር። የተመላላሽ ክፍሉ በር ክፍት ሆኖ፣ ተራ ጠባቂው እየሰማ የሚደረግ ምርመራ አሁንም አለ። ይህ መታረም የሚችለው ያለ በጀት ነው፤ በር መዝጋት ብቻ ይበቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። በተለይ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የመጣ ሰው ይህን ይፈራል፤ ፖሊስ ይጠራብኛል ብሎ እውነቱን ይደብቃል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የራስን ሕይወት ለማጥፋት መሞከር አያስቀጣም፤ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ለዚህ ያነሳሳን ወይም የረዳን ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስንት ሰው ያናግር ነበር።

ሥራ ላይ ላለ ሰው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በአካልና በአእምሮ አይከፋፍልም። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ሳያውቁ «ጠፋህ» ተብለው ይሰናበታሉ። ከመውጣት በፊት የሕክምና ማስረጃ ይጠየቅ፤ ማስረጃው ላይ የዕረፍቱ ቀናት እንጂ የሕመሙ ስም በዝርዝር እንዳይጻፍም ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል።

ሲወጡ የሚያዝ የመውጫ ወረቀት ላይ አራት ነገር መኖሩን ይመልከቱ፦ የሕመሙ መጠሪያ፣ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ሕመሙ ሲመለስ የሚታዩ የመጀመሪያ ምልክቶች። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ታማሚው ራሱ «እኔ መታመም ስጀምር እንቅልፍ ይጠፋኛል፣ ጫት አበዛለሁ፣ ስልክ አላነሳም» ብሎ እንዲያስጽፍ ያድርጉ፤ በዚያ ጊዜ ማን እንዲጠራለት፣ የትኛው መድኃኒት እንዳይሰጠው እንደሚፈልግም ይጨምር። ሕጋዊ ቅጽ የለውም፤ ካርዱ ውስጥ ከገባ ግን ቀጣዩ ተረኛ ያነበዋል።

ጥሰት ካለ ቅሬታው መጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ለጤና ቢሮ በጽሑፍ ይቀርባል። ከዚያ በላይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በሐዋሳ ጽሕፈት ቤት አለው፤ ለፍርድ ቤት ጉዳይ አቅም የሌለው ሰው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍን መጠየቅ ይችላል። ቅሬታው ላይ ቀኑና ሰዓቱ፣ ክፍሉ፣ ያለ ፈቃድ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ ታስሮ ከሆነ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ትእዛዙን ማን እንደሰጠ ይግባ። የመውጫ ወረቀቱ ኮፒ ይያያዝ፣ ዋናው እቤት ይቀመጥ። ከተቻለም ከታች የሚፈርመው ታማሚው ራሱ ይሁን።